ጥቁር ያልሆነ ጫማ

በዚያ ዓመት ከማንም በላይ የደከመኝ እኔ ነበርኩ። ቀን ቢሮ ታይፕ ስመታ እውላለሁ፤ ከሥራ መልስ የቀበሌ ስብሰባ አለ፤ እሑድ የሴቶች ማኅበር አለ፤ በመሃል የዳቦ ሰልፍ፣ የስኳር ሰልፍ፣ የላምባ ሰልፍ። ሰው «እንዴት ነሽ?» ሲለኝ «አለሁ» እላለሁ፤ ከዚያ በላይ የምናገርበት አቅም አልነበረኝም። ስለዚህ ታናሽ ወንድሜ ከማሰልጠኛ የላከው ደብዳቤ ሲደርሰን ከደስታው ቀድሞ የመጣብኝ ድካሙ ነው።

«በሚመጣው ወር የመጀመሪያው እሑድ ቤተሰብ እንዲጠይቀን ተፈቅዷል» ይላል። «እማዬና አባዬ ቢመጡ ደስ ይለኛል። አባዬን መንገዱ ከከበደው እማዬ ብቻ ትምጣ።»

አባዬ ከሞተ ሦስት ወሩ ነበር።

ወንድሜ አልሰማም። ለብሔራዊ ውትድርና ተመልምሎ በሄደ በሦስተኛው ሳምንት አባዬን ደም ብዛት ባንድ ቀን ጣለው። ሞት ደግሞ በደብዳቤ አይነገርም። መርዶ የራሱ ደንብ አለው፤ ጎህ ሲቀድ፣ ሽማግሌ ቀድሞ፣ ዘመድ ከቦ፣ ግራና ቀኝ የሚደግፍ ሰው ቆሞ ነው። ማሰልጠኛ ውስጥ ማን ይደግፈዋል? ያም ሆኖ እኛን ያስፈራን ሌላ ነገር ነው። ልጁን እናውቀዋለን። አባቱን የሚወደው ለጉድ ነበር፤ ከሰማ እዚያ አያድርም፣ ይጠፋል። የጠፋ ምልምል ተይዞ ምን እንደሚደረግ ደግሞ ልደታ ሰፈር የማያውቅ አልነበረም። ከኛ ሦስት ቤት ዝቅ ብሎ የጠፋ ልጅ የነበራቸው ሴት ነበሩ፤ ስለ ልጃቸው የሚጠይቃቸው ሰው አልነበረም።

እና እዋሽ ነበር። በየወሩ ደብዳቤ እጽፋለሁ፤ «አባዬ ሰላም ብሎሃል፣ ዓይኑ ስለደከመ ነው በራሱ እጅ ያልጻፈልህ» እላለሁ። ያን ዓረፍተ ነገር ከጻፍኩ በኋላ ራት አይበላልኝም።

እማዬ ደብዳቤውን ሁለቴ አስነበበችኝና «እሄዳለሁ» አለች።

«በጥቁር ልብስ?»

«አወልቀዋለሁ። ለልጄ ነፍስ ብዬ ነው፤ ሟቹም አይቀየመኝ።»

ልብሱ አላስቸገረንም፤ ሳጥን ውስጥ ነጭ ቀሚስ አላት። ፀጉሯ በቀብሩ ዕለት ተላጭቶ ገና ማቆጥቆጡ ነበር፤ እሱንም ሻሽ ይሸፍነዋል። ጉድ የፈላው ጫማው ላይ ነው። እናቴ ደህና የምትለው አንድ ቡኒ ጫማ ነበራት፤ ወንድሜም ያውቀዋል። በሠልስቱ ማግስት ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ለሚቀመጠው ሊስትሮ ሰጥታ ጥቁር አስቀባችው። ቡኒውን ጥቁር ማድረግ ቀላል ነው፤ ጥቁሩን መልሶ ቡኒ የሚያደርግ ሊስትሮ ግን እስካሁን አልተወለደም። ከዚያ ውጭ ያላት በሐዘኑ ጊዜ የምታደርገው የፕላስቲክ ኮንጎዋ ነው፤ እሱም ጥቁር።

«ሸራ ጫማ ልግዛልሽ» አልኳት። «መንገዱ ሩቅ ነው። አውቶቡሱ አራት ሰዓት ይፈጃል፤ ከዚያ ደግሞ በእግር አንድ ሰዓት አለ ተብሏል። እግርሽም አብጧል።»

«እኔ ስፖርተኛ ነኝ?»

«ይመችሻል ብዬ ነው።»

«ስሚ፣ ለምቾት አይደለም የምሄደው። ልጄ ሲያየኝ ባሏ በደህና የያዛት ሴት መምሰል አለብኝ።»

ልክ ነበረች። ልክ መሆኗ ደግሞ ይበልጥ አደከመኝ።

መጀመሪያ የሄድኩት ቀበሌያችን ኅብረት ሱቅ ነው፤ ጫማ መጥቷል ተብሎ። አሞኛል ብዬ ከቢሮ ቀርቼ ከንጋት ጀምሮ ተሰለፍኩ። ሰልፉ ከሱቁ በር ተነስቶ ወፍጮ ቤቱን ዞሯል። ተራዬ ሲደርስ የቀረው የወንድ ብቻ ነው፣ ቁጥር አርባ ሦስት።

«ለሴት ነው የፈለግኩት» አልኩት ሻጩን።

«ጓዲት፣ ጫማ ጫማ ነው። ይውሰዱና ይለዋወጡ» አለኝ ቀና ሳይል።

ሰባት ሰዓት ቆሞ ባዶ እጁን የሚመለስ ሰው ያኔ ሞኝ ነው። ወሰድኩት። ቤት አምጥቼ ሳወጣው እማዬ አንዱን አንስታ ገልብጣ ሶሉ ላይ ያለውን ቁጥር አየች። የአባዬ ቁጥር ነበር። እኔ እንዴት እንዳላሰብኩት ዛሬም ይገርመኛል። ሁለቱንም በጋዜጣ ጠቅልላ አልጋ ሥር ከተተቻቸው፤ በሳምንቱ ለጎረቤት በሳሙና ለወጥኳቸው።

ቀጥሎ ሜክሲኮ አደባባይ አካባቢ ያለ አንድ የግል ጫማ ቤት ወሰድኳት። መስኮቱ ላይ ከተደረደሩት መሃል ወይን ጠጅ መልክ ያለው፣ ቀጠን ያለ ታኮ ያለው አንድ ጫማ ነበር። እማዬ ከሌላው ሁሉ እሱን አየች። እናቴ ለዕቃ ስትጓጓ አይቼ አላውቅም፤ ያን ቀን ግን ዓይኗ ቀረ። ተቀምጣ ሞከረችው። ጣቶቿ ገቡ፣ ተረከዟ ውጭ ቀረ።

«ቆዳ ነው እናቴ፣ ሲደረግ ይሰፋል» አለ ባለ ሱቁ።

ጫማ ሻጭ ሁሉ የሚላት ነገር ናት። «እስኪሰፋ እግሯን የት ታስቀምጠው?» አልኩት። ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም።

መሬት ላይ ግድግዳውን ተደግፎ የቆመ አጭር መስታወት ነበራቸው፤ ከጉልበት በታች ብቻ ነው የሚያሳየው። እማዬ ተረከዟን በግድ አስገብታ ፊቱ ቆመች። ቀሚሷን ትንሽ ሰብስባ ስታየው እዚያ መስታወት ውስጥ ሐዘን የለም። ረጅም ጊዜ ቆመች። ከዚያ «አውልቂልኝ፣ አመመኝ» አለች። ስናወልቀው የተረከዟ ቆዳ ተልጧል። እስከ ልደታ በእግር ተመለስን፤ ሁለታችንም ሰልችቶናል።

በመጨረሻ የረዱን ጠመንጃ ያዥ ሰፈር ውስጥ፣ ከቆርቆሮ ቀጥቃጮቹ ጎን የሚሰፉ አንድ ሽማግሌ ጫማ ሰፊ ናቸው። ጠዋት ሄድን፤ ሊለኩ ይቅርና ቀና ብለውም አላዩን።

«የመንገድ ጫማ ጠዋት አይለካም» አሉ። «እግር ጠዋት ይዋሻል። ውሎ ሲደክም ነው ልኩ የሚታወቀው። አስር ሰዓት ላይ ተመለሱ፤ እስከዚያ አትቀመጪ እመቤቴ፣ ተንቀሳቀሺ።»

ወደድኳቸው። ድካምን ከቁም ነገር የሚቆጥር ሰው ካየሁ ቆይቼ ነበር።

አስር ሰዓት ላይ ተመለስን። የሲሚንቶ ከረጢት ወረቀት መሬት ላይ ዘረጉና ጆሯቸው ላይ የሰኩትን እርሳስ አወረዱ። እማዬ አፍራ እግሯን አታወጣም። «እኔ ፊት አላይም፣ እግር ነው የማየው፤ አይዞሽ» አሉና በእርሳሱ ዙሪያውን ሳሉት። ከዚያ ጥቁር ልብሷን አይተው «ጥቁር ቆዳ አለኝ፣ ጥሩ ነው» አሉ።

«ቡኒ ይሁንልኝ» አለች እማዬ።

እርሳሱ ቆመ። እኔ ቶሎ ብዬ «ወንድሜ ማሰልጠኛ ነው ያለው አባባ። አልሰማም» አልኳቸው።

«እንዲያ ነው?» አሉ። እርሳሱን መልሰው ጆሯቸው ላይ ሰክተው «እኔም የእናቴን መርዶ በዓመቱ ነው የሰማሁት። በበጎ ነው ያደረጉት፤ ግን እስከዛሬ ይቆረቁረኛል» አሉ። ከዚያ ስለዚያ ነገር ደግመው አላነሱም።

ጫማውን በሳምንቱ ወሰድን። ደማቅ ቡኒ፣ አፍንጫው ሾል ያለ፣ ታኮው ዝቅ ያለ ግን ያለ፣ ገበሩ የበግ ሌጦ። በጎን በኩል ዘለበት ያለው ማሰሪያ አለው፤ ማሰሪያው ላይ ሦስት ቀዳዳ። «ጠዋት በመጀመሪያው እሰሪላት፤ ስትጓዝ በሁለተኛው፤ እግሯ ሲነፋ በሦስተኛው» አሉኝ። ያምር ነበር። እውነቱን ልናገር፣ እኔ ራሴ ቀናሁ። ተሰልፌ ያገኘሁት የራሴ ጫማ ዝናብ ያስገባ ነበር።

አዲስ ጫማ ሳይለማመዱ መንገድ አይወጣምና እማዬ ግቢው ውስጥ ከሰዓት በኋላ እየዞረች ትለማመድ ጀመር፤ ከላይ ጥቁር፣ ከታች ቡኒ። በሁለተኛው ቀን ቦኖ ውሃ ላይ የቆመች ጎረቤታችን ለሌላዋ «ሰውየው አፈሩ እንኳ ሳይደርቅ ቡኒ አማራት» ስትል እማዬ ሰማች። ገብታ ጫማውን አወለቀች። «ከእንግዲህ በዚህ ሰፈር ሰው እግሬ ላይ አያየውም» አለች። ሄጄ ልናገራት ብል ያዘችኝ። ለነገሩ ለጠብም ጉልበት አልነበረኝም።

በዚህ ምክንያት ነው እሑድ ጠዋት ከቤት በጥቁሯ የወጣችው። ነጩ ቀሚስ፣ ባለ ጥለቱ ነጠላና ጫማው በዘንቢል ተይዘው ከስንቁ ጋር ሄዱ። የቀበሌው ሰው የይለፍ ወረቀታችንን ሲያትም «አባትየው አይሄዱም?» ብሎ ቀልዶብን ነበር፤ መሞቱን ረስቶት እንደሆነ አላውቅም። አውቶቡስ ውስጥ ሙሉ መንገዱን እሷን ሳስጠና ነበር። «ጫማሽን አሳዪው። ‹አባትህ ነው የገዛልኝ› በይው። ልጅ አባቱ ጫማ መግዛቱን ካወቀ ሌላ አይጠይቅም» አልኳት። ይህ ሐሳብ የኔ ነበር፤ የማንም አይደለም።

መውረጃችን ላይ ያለ ሻይ ቤት ባለቤቷን ለምነን ጓዳ ገባን። ጠባብ ናት፤ ከረጢትና ጠርሙስ የሞላባት። መጠየቂያው ሰዓት እንዳያልቅብን ተጣድፈናል። እኔ ተንበርክኬ እግሯን ይዣለሁ፤ እሷ ከላይ ልብሷን ትቀይራለች። እግሯ አብጧል። በመጀመሪያው ቀዳዳ እምቢ አለ፣ በሁለተኛው እምቢ አለ፣ በሦስተኛው ገባ። ሽማግሌውን መረቅኳቸው። ተረከዟ ጋ ጥጥ አጥፌ ከተትኩላት፣ ዘለበቱን በቀሚሴ ጫፍ ወለወልኩት። «ጨርሻለሁ፣ ነይ» ብላኝ ስትወጣ ገና መሬት ላይ ነበርኩ።

ያን አንድ ሰዓት መንገድ በአቧራ ሄድን። ከኋላዋ ነበርኩ፤ ስንቁን ተሸክሜ፣ ዓይኔን ከተረከዟ ላይ ሳላነሳ። አላነከሰችም። እኔ ግን አነከስኩ።

በሩ ላይ ስም ተጠራ፤ ስንቁ ተፈተሸ፤ ሜዳ ላይ ከሌሎች እናቶች ጋር ቁጭ አልን። ወንድሜ ከሩቅ ሲመጣ ያወቅኩት በአረማመዱ ነው፤ ፊቱ ከስቷል፣ ጠቁሯል። እየሮጠ መጣና ሁለት ሦስት እርምጃ ሲቀረው ቆመ። ናፍቆት ነው ያቆመው ብዬ አሰብኩ። እማዬ ተነስታ አቀፈችው፣ ግንባሩን ጉንጩን ሳመችው፣ ክሳቱን ዳሰሰችው። ከዚያ ያጠናናውን ጀመረች፤ ቀሚሷን ከፍ አድርጋ አንድ እግሯን ወጣ አደረገች።

«ጫማዬን አላየኸውም? አባትህ እኮ ነው የገዛልኝ። ‹ልጄ ዘንድ በአሮጌ ጫማ አትሄጂም› ብሎ።»

ወንድሜ ጫማውን አየ። «ያምራል እማዬ» አለ። ከዚያ እኔን አየኝ።

ዓይኑ ከኔ ተነስቶ ተመልሶ እሷ አንገት ላይ ሲያርፍ ተከተልኩት፤ ያኔ ነው ያየሁት። ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለብሳለች። ጥለቱ ወደ ታች መውረድ ሲገባው ወደ ላይ ዞሮ አንገቷን ከቧል፤ ሐዘንተኛ እንደሚለብሰው። አራት ወር ሙሉ ጠዋት ጠዋት እንዲያ ነበር የምትለብሰው፤ በዚያ ጨለማ ጓዳ ውስጥ እጇ በለመደው ሄደ። አንድ ወር ሙሉ ጫማ ስመርጥ ከጉልበቷ በላይ አንድ ጊዜ እንኳ አላየኋትም። አሁን ይጮኻል፣ አሁን ይሮጣል ብዬ ክንዱን ልይዘው ተነሳሁ።

አልጮኸም። እማዬ ጎን ተቀመጠ። ያመጣንለትን ዳቦ ቆሎ እየበላ ስለ ሰፈሩ ጠየቃት፤ ማን አገባ፣ ማን ወለደ አላት። ከዚያ ዳቦ ቆሎውን እያየ «አባዬን ጉልበቱን ያመው ነበር፤ ተሻለው?» አላት።

«ተሻለው» አለች እማዬ። «አሁን ምንም አያመውም።»

አጎንብሶ ቡት ጫማውን ያሰረ መሰለ። ቆየ። ቀና ሲል ፊቱ ደህና ነበር።

ፊሽካ ሲነፋ እሷን ስሞ ባዶውን ዘንቢል አነሳልኝና ትንሽ ራቅ አድርጎ ሸኘኝ። «መቼ ነው?» አለኝ።

«አራት ወሩ።»

«የት አረፈ?»

«ልደታ። ከአያታችን ጎን።»

ከንፈሩን ነከሰ። እኔ «እባክህ...» ብዬ ጀመርኩ፤ አልጨረስኩትም። «አልጠፋም እቴቴ» አለኝ። «እሷ እንዲህ አድርጋ ከመጣች በኋላ የት እሄዳለሁ? ብቻ ማወቄን እንዳትነግሪያት።» ከዚያ ሮጦ ሰልፉ ውስጥ ገባ። ከኋላ ሁሉም አንድ ዓይነት ናቸው፤ የትኛው እንደሆነ ጠፋኝ።

የመጨረሻውን አውቶቡስ አገኘን። እማዬ ጥቁሯን መልሳ ለበሰች፤ ነጠላዋን መንካት አላስፈለጋትም፣ ለቤታችን ልክ ነበር። ጫማውን አውልቃ ጭኗ ላይ አድርጋ አቧራውን በመዳፏ ጠረገችው።

«አላወቀም፣ አይደል?» አለችኝ።

«አላወቀም።»

«ስለ አባቱ ስነግረው ፊቱን አየሽው? ምንም አላለ።»

«አየሁት።»

«ተመስገን። ጫማው ነው ያዳነን» አለች። «ለሽማግሌው አንድ ቀን እንጀራ ይዘን እንሄዳለን።» ከዚያ ራሷን ትከሻዬ ላይ ጣል አድርጋ፣ አባዬ ከሞተ ጀምሮ ተኝታ በማታውቀው እንቅልፍ ተኛች። እኔ ማልቀስ ነበር ያማረኝ። ግን ትከሻዬ ከተንቀሳቀሰ ትነቃብኛለች ብዬ እስክንደርስ ድረስ ተውኩት።